ግፊትና ትንፋሽ
እህቶች፣ ወንድሞች፤ ዛሬ ግፊት ከተለካችሁት አንዳንዶቻችሁ «ምንም አያመኝም እኮ» አላችሁኝ። ክፋቱ እሱ ነው፤ ሳያምም ልብና ኩላሊት ይጎዳል።

ቤጂንግ ውስጥ ግፊታቸው ከፍ ማለት የጀመረ 342 ሰዎች ለ12 ወር ተጠንተዋል፤ ውጤቱ በ2024 እ.ኤ.አ. ወጣ። ታይ ቺ የሚባለውን፣ ከትንፋሽ ጋር ቀስ ተብሎ የሚሠራውን የቻይና እንቅስቃሴ የሠሩት የላይኛው ቁጥራቸው በ7 ገደማ ወረደ። ፈጠን ብለው የተራመዱትና ብስክሌት የነዱት ደግሞ 5 ባልሞላ።

ከአሠሪ ቤት መውጣት ለማትችል እህት፣ ከአጅማን ዱባይ መንገድ ላይ ለሚያልቅ ወንድም ይሄ ደስ ይላል፤ ጂም አይጠይቅማ! ቁጭ ብሎ በደቂቃ 6 ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ መተንፈስም ግፊትን በመጠኑ ይቀንሳል።

ኪኒን የጀመራችሁ ግን፣ በትንፋሽ ተማምናችሁ እንዳታቋርጡ። ከአገር ቤት ያስመጣችሁት ሳያልቅ ለማኅበሩ ንገሩ፤ ሐኪም ጋ አብሯችሁ የሚሄድ ሰው እንፈልጋለን።