የዓሣ መኖሪያ ውኃ እንዳይሞቅ ስለ መጠበቅ



የተማሪ ቤት ልጆች ከደጋ ወንዝ ትንንሽ ዓሦች ይዘው በመስተዋት ዕቃ ሲያኖሩ፥ ጧት ዓሦቹ ደኅና ሆነው ሲዋኙ ይታያሉ። ቀትር ላይ ግን ፀሐይ በመስኮት ገብታ ውኃውን ስታሞቀው፥ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፥ ይዘጋሉ። ልጆቹም የራባቸው እየመሰላቸው ፍርፋሪ ይጨምሩላቸዋል። ይህ ከርኅራኄ የመጣ ስሕተት ነው፤ ዓሦቹ ያጡት እስትንፋስ እንጂ ምግብ አይደለምና። የተረፈውም ፍርፋሪ ሲበሰብስ የቀረውን አየር ይጨርስባቸዋል።

ዓሣ የሚተነፍሰው በውኃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ነው። ውኃም በሞቀ መጠን የሚይዘው ኦክሲጅን ያንሳል። በባሕር ጠረፍ አገር 20 ዲግሪ የሆነ ጨው የሌለበት ውኃ በአንድ ሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ሲይዝ፥ 30 ዲግሪ የሆነው 7 ተኩል ያህል ብቻ ይይዛል። በደጋ አገር አየሩ ስስ ስለ ሆነ ከዚህም ያንሳል። የዓሣው ሰውነት ግን በሙቀት ጊዜ አብዝቶ ይሻዋል። ስለዚህ ጭንቁ በሁለት ወገን ይመጣበታል።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። በገንቦ ያደረ ውኃ ቀዝቃዛ መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል። ምክንያቱም፥ ውኃው በሸክላው ወዝቶ በነፋስ ተን ሆኖ ሲሄድ ሙቀትን ይዞ ስለሚሄድ ነው። መሐመድ ባህ አባ የተባሉ የሰሜን ናይጄሪያ መምህር በዚሁ ጥበብ፥ ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አኑረው በመካከሉ ርጥብ አሸዋ በመሙላት አትክልት የሚያቆይ ዕቃ አበጁ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓመተ ምሕረትም ስለዚህ ሥራ የሮሌክስ ሽልማት ተቀበሉ።

አንድ ግራም ውኃ ተን ሲሆን 580 ካሎሪ ያህል ሙቀት ይወስዳል። እንግዲህ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ የማይበልጥ 100 ግራም ውኃ፥ ሙቀቱን ሁሉ ከዓሣው ዕቃ የወሰደ እንደ ሆነ፥ 20 ሊትሩን ውኃ ወደ 3 ዲግሪ ያህል ያቀዘቅዘዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመስተዋቱ ዕቃ ፀሐይ በማይደርስበት፥ ነፋስ ግን በሚያልፍበት ስፍራ፥ ጥቂት ውኃ ባለበት ሰፊ ሳሕን ላይ ይቀመጣል። ዙሪያውን በአቡጀዲ ይጠቀለላል፤ የጨርቁም ጫፍ በሳሕኑ ውኃ ውስጥ ይነከራል፥ ውኃውን ራሱ እየሳበ ይርሳልና። ቀትር ላይ ልጆች በየተራ በማራገቢያ ቢያራግቡት ይበልጥ ይበርዳል። አፉም በወንፊት ጨርቅ ብቻ ይሸፈን።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ጨርቁ ሳሙና እንዳይኖርበት አስቀድሞ ደጋግሞ ይታጠብ። ጫፉ ከአፉ አልፎ ወደ ውስጥ እንዳይገባ፤ ከገባ ውኃውን በዝግታ እየሳበ ሌሊቱን አፍስሶት ያድራልና። ድንገተኛ ብርድም ዓሣን ስለሚጎዳ በረዶ አይጣልበት። አየሩ ርጥበት በሞላበት ቆላና በክረምት ዝናብ ጊዜ ግን ይህ ዘዴ እምብዛም አይረዳም፤ ያን ጊዜ የሚጠቅመው ጥላና ውኃውን በጥቂቱ መለወጥ ነው።

መምህሩም ሁለት እኩል ዕቃዎች፥ አንዱን በርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፥ ሁለተኛውን ራቁቱን ትቶ፥ ዓሣ ሳይጨምር በአንድ ሰዓት ሙቀታቸውን ልጆቹ እንዲለኩ ያድርግ። ሽማግሌውም የገንቦውን ነገር ይንገራቸው። ያን ጊዜ ልጁ፥ በእጁ ያለች ነፍስ አፏን ስትከፍት፥ ፍርፋሪ ከመጣሉ በፊት ምን እንደ ጎደላት መጠየቅን ይማራል።