ቦዩ ሲዘጋ ገበያው ይዘጋል

(በአዋሽ ሰባት ኪሎ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ አንዲት ነጋዴ ካደረጉት ንግግር)



እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ሱቅ ነው የምሠራው። ነገር ግን ስኳርና ጨው ሲሸጥ የኖረ ሰው የውሃን ጠባይ ሳይማር አይቀርም።

እንደሚታወቀው ሁሉ ከተማችን የመንገድ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ያን ጊዜ ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበርና መንገደኛው ከሚያድርባቸው ጣቢያዎች አንዱ አዋሽ ነበር። ሆቴሉም፣ ሻይ ቤቱም፣ ሱቁም የበቀለው ለዚያ መንገደኛ ነው። ዛሬ ያ ባቡር የለም፤ ቢሆንም ወደ ሚሌና ጋላፊ የሚወርደው፣ ወደ ጭሮና ድሬዳዋ የሚታጠፈው መኪና በእኛው በኩል ያልፋል። ሰኞ ሰኞ ደግሞ አፋሩ፣ ከረዩው፣ ሌላውም ወገን በገበያችን ይገናኛል። እንግዲህ ገበያተኛም ሆነ ሾፌር የሚቆመው እግሩን የሚያሳርፍበት ደረቅ መሬት ሲያገኝ ነው። ጭቃና የረጋ ውሃ ካየ ነድቶ ያልፋል፤ ማን ይለምነዋል?

«አገሩ ቆላ ነው፣ ዝናቡም ጥቂት ነው፤ ቦይ ምን ያደርግልናል?» የሚሉ አሉ። እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ርዝመቱ 200 ሜትር፣ ስፋቱ 10 ሜትር በሆነ መንገድ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 60,000 ሊትር ይሆናል። ይህም ማለት ባለ 200 ሊትር 300 በርሜል ነው፤ ከጣራ የሚወርደው ሳይቆጠር! የቆላ ዝናብ በሱጉምም ሆነ በካርማ ሲመጣ ድንገት ነው፤ የደረቀው መሬትም ቶሎ አይጠጣውም። ከዚህም በላይ ጎርፍ የሚመጣው እኛ ጋ ሲዘንብ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ድሬዳዋን ሲያጥለቀልቅ ዝናቡ በብዛት የጣለው ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ ነበር። ከ250 በላይ ሰው አለቀ። ለወራት ደረቅ ሆኖ የሚታይ የውሃ መንገድ ባለቤት የሌለው ቦታ አይደለም፤ ባለቤቱ ሄዶ የሚመለስ ነው።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት በሱቄ ፊት ያለውን ቦይ በድንጋይና በሲሚንቶ ደፈንኩት። የዘይት ጀሪካንና የውሃ እሽግ መደርደሪያ አስፍቼ፣ «ደጄ አማረ» ብዬ ደስ አለኝ። በክረምቱ ጎርፍ መጣ። የእኔ ሱቅ ከፍ ያለ ነውና ምንም አልነካውም። ውሃው ግን መሄጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመልሶ ከበላዬ ሻይ ከሚያፈሉት ጎረቤቴ ቤት ገባ። ከሰላቸው፣ ስኳራቸው፣ ዱቄታቸው ሁሉ አንድ ላይ ጭቃ ሆነ። እኔም እንደ ሌላው ሰው «ወይኔ፣ ምን ዓይነት ጎርፍ ነው!» እያልኩ አዘንኩላቸው። ጎርፉ እኔ መሆኔን የነገሩኝ ውሃውን በጣሳ ሲቀዱ ያገኘሁት የእሳቸው ልጅ ናቸው። በዚያን ቀን ያፈርኩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ቦዩን በገዛ እጄ አስከፍቼዋለሁ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ግን የእኔን የመሰለ ሲሚንቶ ያፈሰሰ ሌላ ሰው የለም ብላችሁ አትነግሩኝም!

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞችም ተስፋፍቷል። የእኛም መንገድ ሲሠራ በዝምታ እንዳንቀበል የሚከተለውን በጽሑፍ እንድንጠይቅ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሥራው ከውሃው መውጫ ይጀመር። ከላይ ያማረ ቦይ ሠርቶ ጫፉን ሜዳ ላይ መተው የእኛን ጎርፍ ለታች ሰፈር ማስረከብ ነው። መውጫውም በድንጋይ ካልተነጠፈ አፈሩን እየበላ ወደ ላይ ይመጣብናል።

ሁለተኛ፣ የመንገዱ ከፍታ ከሱቆች ደፍ በላይ እንዳይሆን ከመነጠፉ በፊት ይለካ። አስፋልት በአስፋልት ላይ እየተደረበ መንገዱ ከፍ ሲል ሱቁ ጉድጓድ ይሆናል። የቦዩም ቁልቁለት በ100 ሜትር ቢያንስ ግማሽ ሜትር ቢሆን ደለሉን ጠርጎ ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ የቦዩ ክዳን ሁለት ሰው የሚያነሳው ይሁን። የማይነሳ ክዳን የማይጸዳ ቦይ ነው። የውሃ ቧንቧና ገመድም አስቀድሞ ይቀበር፤ የተነጠፈ ድንጋይ ደግሞ እንዳይፈነቀል።

አራተኛ፣ መንገዱ በግማሽ በግማሽ ይሠራ፤ ሰኞም ገበያው ክፍት ይሁን። ባለ ሱቅ ሁለት ወር ቢዘጋ ምናልባት ተበድሮ ይተርፋል፤ የጉሊት ሻጭ ግን የዕለት እንጀራዋን ነው የምታጣው። ስለዚህ ጉሊቶቹ ከመነሳታቸው በፊት የሚቀመጡበት ቦታ ይታወቅ። ገበያተኛውን ወደ እኛ ሱቅ የሚያመጡት እነሱ መሆናቸውንም አንርሳ።

ይህ ሁሉ የመንግሥት ድርሻ ነው። የእኛስ? ፌስታልና የሃይላንድ ጠርሙስ ቦይ ውስጥ የሚጥለው ሌላ ማንም አይደለም። በመሆኑም በየአሥር ሱቁ አንድ ቡድን ተቋቁሞ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከሱጉም በፊትና ከካርማ በፊት፣ ቦዩን ይጥረግ። የወጣውም ደለል ዳር ላይ ተቆልሎ እንዳይቀር፤ መጀመሪያ የጣለ ዝናብ ይመልሰዋልና። በዚያው ቀን በጋሪ ይነሳ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

በመጨረሻም ቦይ የደፈንን ሰዎች ማንም ሳያስገድደን፣ መንገዱም እስኪሠራ ሳንጠብቅ፣ በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ዶማና አካፋ ይዘን እንውጣ። እኔ የከፈትኩትን ላሳያችሁ ደጄ ላይ እጠብቃለሁ። ሻዩን ጎረቤቴ ያፈላሉ፤ ሒሳቡ በእኔ ነው።