በረኪናን ከምን ጋር?

ዒድ ሲቃረብ ቤታችንን አጥበን እናጸዳለን፤ ጦሃራ ከዲናችን ነውና መልካም ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን «ይበልጥ ያነጣል» እያልን በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር እንቀላቅላለን። ከዚህ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1915 ቤልጅየም ውስጥ፣ ኢፕር ላይ፣ ወታደሮች የተፈጁበት ያው ጋዝ። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲገናኝም ሳንባ የሚጎዳ ሌላ ጋዝ ይፈጠራል።

በየቤታችን ጠባቡን መጸዳጃ ቤት የምታጥበው አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኛችን ናት። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ላታነብ ትችላለች፤ እርሷ ደግሞ አማናችን ናትና ልንነግራት ይገባል። በረኪና የሚቀጥነው በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነው፤ በርና መስኮትም ይከፈት። ዓይን ካቃጠለ ወይም ሳል ከተነሣ ሁሉንም ትቶ ወደ ውጭ መውጣት ነው፤ ትንፋሽ ካጠረ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም።