የተቃጠለ ምድጃን በገዛ እጅ ስለ መጠገን
(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ኤሌክትሪክ ምድጃና ስለ ምጣድ ነው። ርእሱ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን የኦምን ሕግ ተፈትነን ያለፍን ሰዎች አንዲት ሽቦ ለማስቀየር ከሽቦዋ ዋጋ በላይ ለጠጋኝ ስንከፍል እንገኛለን።

ምድጃ አልሞቅ ሲል አስቀድሞ የሚጠረጠረው ገመዱ ነው። ዘወትር በሚታጠፍበት በስፒናው አጠገብ ውስጥ ለውስጥ ይበጠሳል፤ ወይም የስፒናው ብሎን ይላላና ግሎ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ይህ በካቻቪቴና በቢላዋ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ የተበላሸውን ቆርጦ፣ ጫፉን ልጦ፣ አጥብቆ ማሰር። ከሁሉ በፊት ግን ስፒናው ከሶኬቱ ይነቀላል። ማጥፊያውን መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ አንዱን መሥመር ብቻ ቆርጦ ሌላውን ሊተው ይችላልና።

ሽቦው ራሱ የተበጠሰ እንደ ሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ይህ ሽቦ ከኒኬልና ከክሮሚየም የተቀላቀለ ሲሆን፣ አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1906 የፈጠራ መብት ያገኘበት ነው። በየሰፈሩ የተለመደው ዘዴ ሁለቱን ጫፍ ስቦ ማጠማዘዝ ነው። ይሠራል፤ ግን ለስንት ቀን? ሒሳቡን እንመልከት። በ220 ቮልት 1000 ዋት የሚስብ ምድጃ፣ የሽቦው ሬዚስታንስ 48 ኦም ያህል ነው። ከሽቦው አንድ አምስተኛው ተቃጥሎ ቢጣል ወደ 39 ኦም ይወርዳል፤ ኃይሉም 1250 ዋት ይደርሳል፤ ያውም ባጠረ ሽቦ ላይ። ስለዚህ ከቀድሞው አብልጦ ይግላል፣ ፈጥኖም ይበጠሳል። እንግዲህ ዋቱን ጠይቆ አዲስ ሽቦ መግዛት ይረክሳል ማለት ነው። ሲገባም ጥምዝምዙ እርስ በርሱ እንዳይነካካ እኩል ይሳባል።

የእንጀራ ምጣድ ግን 3500 ዋት ያህል፣ ማለትም 16 አምፔር የሚጠጋ ይስባል። ቀጭን ገመድ አይችለውም። ከዚህም የሚብስ አለ፤ ብዙዎች ባለ ሁለት ጥርስ ስፒና ያገኙና ቢጫና አረንጓዴ የሆነውን ሦስተኛ መሥመር ቆርጠው ይጥሉታል። ምጣዱ ያለ እርሱም ስለሚሞቅ ጥፋቱ አይታይም። ሽቦው አፈንግጦ ቆርቆሮውን የነካ ዕለት ግን ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚወርደው በሊጥ በረጠበ እጅ በኩል ነው። የምትጋግረው እናታችን ወይም እኅታችን ናት፤ መሥመሩን የቆረጥነው ግን እኛ ነን።

ማይክሮዌቭን ጨርሶ አንከፍትም። ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ሰው የሚገድል ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። እዚያ ላይ ለባለሙያ መክፈል ንፉግነት የማይገባው ወጪ ነው።

ማኅበራችንን የምንለምነው ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮና አንድ ቴስተር ገዝቶ በጽሕፈት ቤቱ እንዲያስቀምጥልን ነው። ከመምህራንም መካከል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ጊዜ የሚሰጠን ቢገኝ ደስታችን ነው። ምጣድ ለማስጠገን የሚመጣ ግን አቀዝቅዞ ያምጣ።