ሲሻለኝ ማሼፉን ልተወው?

ቂርያት ማላኺ፣ ገደራና ያቭኔ ያላችሁ ጓደኞቼ፣ ስለ አስም ስናወራ እናቶቻችን «እኛ አገር ቤት እንዲህ ያለ በሽታ አናውቅም ነበር» ይሉናል። በከፊል እውነት አላቸው። በ1997 የታተመ ጥናት አስም ከጅማ ገጠር ይልቅ በጅማ ከተማ በዝቶ አግኝቶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢዮሲኖፊል የሚባል ነጭ የደም ሴል አለ፣ የሚሠራው መቅኔ ውስጥ ነው። «ብዙ ሥሩ» የሚለውን ትእዛዝ የሚያደርሰው ኢንተርሉኪን 5 የሚባል ፕሮቲን ነው። የአንጀት ትል ሲገባ ትእዛዙ ይወጣል። በ1990ዎቹ ሬሆቮት፣ ካፕላን ሆስፒታል ያሉ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ በመጡ ወገኖቻችን ላይ ይህንን አይተዋል። ትሉ ሲቆይ ግን ፍሬን የሚይዙ ሴሎችም ይበረታሉ። እዚህ ለተወለድነው ትል ብዙም የለም፤ አቧራና የአበባ ብናኝ ያንኑ ትእዛዝ ሲያስወጡ የመተንፈሻ ቧንቧችን ያብጣል።

ሰማያዊው ማሼፍ ቧንቧውን ለጊዜው ይከፍታል እንጂ እብጠቱን አያክምም። በየቀኑ የሚወሰደው የኮርቲዞን ማሼፍ ነው ትእዛዙን የሚያዳክመው። ስለዚህ «ተሻለኝ» ብላችሁ በራሳችሁ አታቁሙት፣ መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ። እማዬ «ሱስ ይሆንብሃል» ካለች፣ ይህንን አብራችሁ አዳምጡት። በሰላም ቆዩ።