በቤት ውስጥ ስለሚሠራ አይሮፕላን
ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተደረገ ንግግር



ባለፈው ስብሰባችን ስለ አይሮፕላን ስንነጋገር አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፥ «ይህ ነገር ከትልቅ ፋብሪካ በቀር በሌላ ስፍራ ሊሠራ ይችላልን? አንድ ሰው በገዛ ቤቱ ሠርቶ ሊበርበት ይቻለዋልን?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም አዎን፥ ይቻላል ብዬ በአጭሩ መለስሁላቸው። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን መልሴ ጎደሎ እንደ ነበረ ተሰማኝ፤ ሽማግሌው የጠየቁኝ ስለ መቻሉ ብቻ አልነበረምና። ሰው በገዛ እጁ ለሠራው ነገር ነፍሱን አምኖ ሊሰጥ የሚደፍረው ምን ይዞ ነው? ማለታቸው ነበር። ዛሬ የምናገረው ለዚህ ጥያቄ ነው። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከትልቅ ፋብሪካ ውጭ አይሮፕላን መሥራት ለአገራችንም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ1935 ሉድቪግ ቬበር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በአዲስ አበባ አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ሠራ፤ በልዕልት ፀሐይም ስም ፀሐይ ተባለች። በወረራው ዘመን ጣልያኖች ወሰዱአትና ከሮም ብዙ በማይርቅ ቤተ መዘክር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስትታይ ኖራ በ2024 ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ስለ እርስዋ ለብቻው ሌላ ንግግር ይገባል። የዛሬው ነገራችን ግን መንግሥት ሳያዘው፥ ደመወዝ ሳይቈረጥለት፥ በጋራዡ ውስጥ ሆኖ ለራሱ ስለሚሠራው ሰው ነው።

ይህ ሥራ እጅግ የተስፋፋው በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር ሕግ ሰው በቤቱ የሠራው አይሮፕላን የመብረር ፈቃድ የሚያገኘው፥ ከሥራው የሚበልጠውን እጅ ባለቤቱ ራሱ ወይም ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ ሲሠራው ነው። የሠራበትም ምክንያት ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ መሆን አለበት። እኔ መምህር ስለ ሆንሁ ይህን ሕግ ባነበብሁ ጊዜ ደስ አለኝ፤ ትምህርት የሚለውን ቃል በአይሮፕላን ሕግ ውስጥ አገኘዋለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበርና። በ1953 ፖል ፖበረዝኒ የሚባል አብራሪ በሚልዎኪ ከተማ ለእንደዚህ ያሉ ሠሪዎች ማኅበር አቋቋመላቸው። ማኅበሩ ዛሬም አለ፤ ልምድ ያላቸው አባሎቹ ያለ ዋጋ ወደ ሠሪው ቤት እየሄዱ ሥራውን ያዩለታል።

አሁን ወደ ሣጥኑ ልምጣ። በቤቱ አይሮፕላን የሚሠራ ሰው ሁሉ ከባዶ አይጀምርም። ብዙዎቹ ክፍሎቹን ተቈርጠውና ተበስተው ከፋብሪካ ይገዛሉ። በኦሬጎን ክፍለ አገር ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን የሚባል መሐንዲስ በ1973 ያቋቋመው ፋብሪካ በዚህ ሥራ የታወቀ ነው፤ ከዚያ በተገዙ ክፍሎች ከ10,000 የሚበልጡ አይሮፕላኖች ተሠርተው በርረዋል። ሣጥኑ ሲከፈት የሚታየው ግን አይሮፕላን አይመስልም። ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች፥ የታጠፉ የክንፍ ጎድን አጥንቶች፥ በከረጢት የታሰሩ ሪቬት የሚባሉ ጥቃቅን ችንካሮችና ወፍራም የሥዕል መጽሐፍ ናቸው። ከዚያ እስከ መጀመሪያው በረራ ድረስ ከ1,500 እስከ 2,000 የሥራ ሰዓት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሰውየው ቀን በሌላ ሥራ የሚውል ስለ ሆነ ይህ ሰዓት በማታና በበዓል ቀን ሲከፋፈል ብዙ ዓመት ይሆናል። ጀምረው የተዉትም ጥቂቶች አይደሉም። እኔ ግን በእነርሱ አልስቅም፤ በየቤታችን ጥግ የተጀመረ ነገር ያልተቀመጠብን ማን ነን?

ከሥራው ሁሉ የሚበዛው ሪቬት መምታት ነው። በአንድ ባለ ሁለት ወንበር አይሮፕላን ላይ ከ10,000 በላይ ሪቬት ይመታል። ሁለት ቅጠሎች ይደራረባሉ፤ ቀዳዳቸው ይገጣጠማል፤ ሪቬቱ ይገባል፤ በአንድ ወገን በነፋስ ኃይል የሚሠራ መዶሻ ሲመታው በሌላው ወገን ባልንጀራው ከባድ ብረት ደግፎ ይይዝለታል። ጅራቱም ተጨፍልቆ ራስ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ አይወጣም። የተጨፈለቀው ራስ ልክ አለው፤ ስፋቱ የሪቬቱን ውፍረት አንድ ጊዜ ተኩል፥ ቁመቱም የውፍረቱን እኩሌታ ያህል መሆን አለበት። ሪቬቱ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት ቢኖረው ራሱ 4.8 ሚሊሜትር ይሰፋል፥ 1.6 ሚሊሜትርም ይቆማል። ሠሪው ይህን በዓይኑ ሳይሆን በመለኪያ ያየዋል።

ከመምታቱ በፊት ግን ቀዳዳው መጽዳት አለበት። መሰርሰሪያው ብረቱን ሲበሳ በቀዳዳው አፍ ላይ ሸካራ ጥርስ ይተዋል፤ እርሱም በእጅ እየተፋቀ ይለሰልሳል። ይህን በ10,000 ቀዳዳ በሁለት ወገን ማድረግ እጅግ የሚያሰለች ነው፤ ብዙ ሰውም «ይህች አንዲት ብትቀር ምን ትጎዳለች?» የሚለው በዚህ ጊዜ ነው። ጉዳቱን ግን በትምህርት ቤታችሁ በወረቀት ልታሳዩት ትችላላችሁ። ሁለት እኩል የሆኑ የወረቀት ቅዳጆች ውሰዱ፤ የአንዱን ጠርዝ በመቀስ ጥቂት ነካ አድርጉት፤ ከዚያ ልጆቹ ሁለቱን ጫፍና ጫፍ ይዘው ይጐትቱ። ያልተነካው ይጸናል፤ የተነካው ግን በመቀሱ ምልክት ጀምሮ ይቀደዳል። ብረትም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ወረቀት በአንድ ጊዜ ሲቀደድ የአይሮፕላን ቅጠል በሞተሩ መንቀጥቀጥ ብዙ ሰዓት ቈይቶ፥ ማንም ሳያየው፥ ከሸካራው ጥርስ ጀምሮ መሰንጠቁ ነው።

ሪቬቱ ተጣሞ የተመታ እንደ ሆነ ራሱ በመሰርሰሪያ ተበስቶ ይወጣል። በዚህ ስፍራ አዲስ ሠሪ የሚማረው አስቸጋሪ ትምህርት አለ። መጥፎውን ሪቬት ሲያወጣ እጁ ከተንቀጠቀጠ ቀዳዳው ይሰፋል፤ የሰፋም ቀዳዳ ከተጣመመ ሪቬት ይከፋል። ስለዚህ የትኛውን ማፍረስ፥ የትኛውን መተው እንደሚገባ ማወቅ አለበት። ይህን ለብቻው ሊወስን አይገባም፤ የገዛ ስሕተቱ ሲያናድደው ሰው ቸኩሎ ያፈርሳል፥ ሲያፍርም ቸኩሎ ይሸፍናልና። ከማኅበሩ የሚመጣው ባልንጀራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እኔ በልጅነቴ አናጢ ከሆነው አጎቴ ዘንድ ስሠራ የተጣመመ ምስማር አጐንብሼ በመዶሻ አስተኝቼ ቀለም ቀባሁበት። አጎቴ ምንም ሳይናገረኝ ጣቱን በቀለሙ ላይ አሳለፈና ቆመ። ወንበር ስለ ነበረ ማንም አልሞተበትም።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ እጅ ታማኝነት ነው። እጅ ታምኖ ሥዕሉ ራሱ የተሳሳተ እንደ ሆነስ? ለዚህ በፈረንሳይ አገር የሆነውን ልንገራችሁ።

ሄንሪ ሚኜ የሚባል ፈረንሳዊ የአይሮፕላን ትምህርት ቤት ሳይገባ በገዛ እጁ ብዙ አይሮፕላኖች ሠርቶ ነበር፤ አብዛኞቹ ደኅና አልበረሩለትም። በ1933 አሥራ አራተኛውን ሠራ፤ ይህ በረረለት። ፑ ዱ ሲዬል አለው፥ በእኛ ቋንቋ የሰማይ ቅማል ማለት ነው። በእንጨትና በስስ ኮምፔንሳቶ የተሠራ፥ በጨርቅ የተሸፈነ፥ የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 6 ሜትር ያህል የሆነ፥ የሞተር ብስክሌት የመሰለ ትንሽ ሞተር ያለው ነበረ። ሁለት ክንፎቹ አንዱ በፊት አንዱ በኋላ ተቀራርበው የተቀመጡ ናቸው። አብራሪው ወደ ላይ ለመውጣት በትሩን ሲስብ የፊተኛው ክንፍ ራሱ ይዘነብላል። ሚኜ በ1934 ስለ አሠራሩ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያም የዕቃ ሣጥን ሊመታ የሚችል ሰው አይሮፕላንም ሊሠራ እንደሚችል አስተማረ። መጽሐፉ በ1935 ወደ እንግሊዝኛ ተተረጐመ፤ በዚያው ዓመት ሚኜ ራሱ በዚህ አይሮፕላን ከፈረንሳይ ተነሥቶ ባሕሩን ተሻግሮ እንግሊዝ አገር ገባ። ከዚያ ወዲያ በሁለቱ አገሮች ነጋዴውም ጸሓፊውም ጠራቢውም በጓዳው እንጨት መላግ ጀመረ።

ብዙ ሳይቈይ ሰዎች ይሞቱ ጀመር። አይሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ታች ይደፋል፤ አብራሪውም እንደ ተማረው በትሩን ወደ ራሱ ይስባል፤ አይሮፕላኑ ግን ቀና በማለት ፈንታ እንደ ተደፋ ወደ ምድር ይወርዳል። በመጀመሪያ ሰዎች ሟቹን ወቀሱት፤ መብረር አያውቅም ነበር፥ ሙጫው ደካማ ነበር ተባለ። አደጋው ሲደጋገም ግን መሐንዲሶች አንዱን ሙሉ አይሮፕላን ወስደው በእንግሊዝ አገር በፋርንቦሮ፥ በፈረንሳይ ደግሞ በሻሌ ሙዶን ባሉት የነፋስ ዋሻዎች ውስጥ መረመሩት። የነፋስ ዋሻ ማለት አይሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ታላቅ ነፋስ እየነፈሰበት የሚፈተንበት ቤት ነው። ምክንያቱም ተገኘ። ክንፎቹ እጅግ ተቀራርበው ስለ ነበረ የፊተኛው ሲዘነብል በመካከላቸው የሚያልፈው ነፋስ የኋለኛውን ክንፍ አብልጦ ያነሣው ነበር። የኋላው ሲነሣ ደግሞ አፍንጫው ይደፋል። አይሮፕላኑ ካንድ መጠን አልፎ ከተደፋ በኋላ በትሩን መሳብ ሊያቃናው አይችልም ነበር። የሞቱት ሰዎች የተማሩትን በትክክል ሲፈጽሙ ሞቱ። በ1936 በእንግሊዝ አገር እንዳይበር ተከለከለ።

ስለ ሚኜ ሁለት ዐይነት ነገር ሲነገር እሰማለሁ። አንዳንዱ ተላላ ነበረ ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ባለሥልጣኖች ቀንተውበት ነው ይላል። ለእኔ ሁለቱም አይመስሉኝም። ድኻ ሰው ወደ ሰማይ የሚወጣበትን መንገድ መክፈቱ እውነተኛ በጎ ሥራ ነበረ። ነገር ግን አንድ አይሮፕላን ለእርሱ ለአንዱ በደኅና ስለ በረረ ለሁሉ ይበራል ብሎ መጽሐፍ ማሳተሙ ፍርዱን አቸኰለው። ለእርሱ የሚመሰገንለት፥ ጉድለቱ ከታወቀ በኋላ ሥራውን ጥሎ አለመሄዱ ነው። ሥዕሉን አርሞ በ1965 እስኪሞት ድረስ እየለዋወጠ ሠራ፤ ከሥዕሎቹ የተወለዱ አይሮፕላኖች ዛሬም በፈረንሳይ ይበራሉ።

ይህ የጥንት ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ፥ አስቀድሜ ባነሣሁት በኦሬጎኑ ፋብሪካም በ2023 በጨረር የተበሱ አንዳንድ ቅጠሎች ቀዳዳቸው ለሪቬቱ ራስ ሲጐደጐድ ስንጥቅ ሊያወጡ እንደሚችሉ ታወቀ። ብዙ ክፍሎችም እንዲለወጡ ግድ ሆነ። እዚህ ሠሪው ምንም አልበደለም፤ ሆኖም ቀዳዳውን ሁሉ በማጕያ መስተዋት የመመልከት ልማድ የነበረው ሰው ካልነበረው ሰው ይልቅ ተጠቅሞአል።

እንግዲህ የሽማግሌው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል። አይሮፕላኑ ተሠርቶ ከጋራዡ ሲወጣ ባለቤቱ ዘልሎ አይቀመጥበትም። በመጀመሪያ ሦስቱን ጎማዎች በሦስት ሚዛን ላይ አቁሞ ይመዝነዋል፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ያዘነበለ አይሮፕላን አፍንጫው ካልታሰበ ወደ ላይ ይነሣልና። ቤንዚኑ በሙሉ ኃይል ወደ ሞተሩ መድረሱን በዕቃ ተቀብሎ በሰዓት ይለካዋል። የመንግሥት መርማሪ ወይም ወኪሉ መጥቶ አይሮፕላኑን ያያል፥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተጻፈውን የሥራ መዝገብም ያገላብጣል። ፈቃዱ ሲሰጥም በአይሮፕላኑ ላይ ለሙከራ የተሠራ መሆኑን የሚናገር ቃል በጕልህ ይጻፍበታል፤ ይህም የሚሳፈር ሁሉ እንዲያነበው ነው።

ከዚያም የሙከራው ዘመን ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜ 25 ወይም 40 የበረራ ሰዓት ነው። በዚህ ጊዜ ከተወሰነለት ስፍራ አይወጣም፥ ብዙ ሕዝብ በሚኖርበት ከተማ ላይም አይመላለስም፥ መንገደኛም አያሳፍርም። በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ ይፈትናል፤ ዛሬ በስንት ፍጥነት ክንፉ ነፋሱን እንደሚለቅ፥ ነገ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚሞቅ፥ ከነገ ወዲያ ክብደት ሲጨመር እንዴት እንደሚነሣ። ያገኘውን ሁሉ በቍጥር ይጽፈዋል። ባሰበው ላይ ሳይሆን ባገኘው ላይ ይፈርማል። በዓመታት ሥራው ሁሉ በሌሊት ባትሪ የያዘችለት ሚስቱ፥ ከባዱንም ብረት የደገፈለት ልጁ በሜዳው ዳር ቆመው ያዩታል፤ ሰዓቱ በመዝገቡ ተጽፎ እስኪሞላ ድረስ በአጠገቡ ያለው ሁለተኛው ወንበር ባዶውን ይበራል።