ሁሉም ኪንታሮት አይደለም፦ ስለ ፊንጢጣ ማቃጠል መንስኤና ሕክምና



የዛሬው ርእሴ በአደባባይ የማይነሣ፣ በሐኪም ፊት እንኳ በሹክሹክታ የሚነገር ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ጎልማሳ ሰው «ወገቤን ያመኛል» ብለው ወደ ምርመራ ክፍሌ መጡ። መርምሬ ስጨርስ፣ የበሩን እጀታ እንደያዙ፣ «ዶክተር፣ ሌላም ነገር ነበረኝ» አሉኝ። በተጸዳዱ ቁጥር በጠርሙስ ስባሪ የመቆረጥ ያህል ሕመም፣ ከዚያም ለሰዓታት የሚቆይ ማቃጠል ነበረባቸው። ይህን ለሁለት ዓመት ደብቀው ኖረዋል። በመካከሉ «ኪንታሮት ነው» ያላቸው ሰው የሚያቃጥል መድኃኒት ቀብቶላቸው፣ ጠባሳው መውጫውን አጥብቦታል።

ሕመማቸው ግን ኪንታሮት አልነበረም፤ የፊንጢጣ ስንጥቅ እንጂ። የውስጥ ኪንታሮት በአብዛኛው ያለ ሕመም ይደማል፤ ስንጥቅ ግን ያማል፣ ያቃጥላልም። የደረቀ ሰገራ ስሱን ገጽ ይሰነጥቃል፤ ሕመሙ መዝጊያውን ጡንቻ ያኮማትረዋል፤ የተኮማተረው ጡንቻ ወደ ቁስሉ የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ ቁስሉም ሳይድን ይቀራል። ሕመምተኛው ፈርቶ ሰገራውን ሲይዝ ደግሞ ሰገራው ይብሱን ይደርቃል። ሕክምናው ይህን አዙሪት መስበር ነው።

የሕክምናው መጀመሪያ ከማድቤታችን ይገኛል፦ ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ገብስ፣ ተልባ፣ ከበቂ ውሃ ጋር። ዐዋቂ ሰው በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም አሰር ያስፈልገዋል። ቀጥሎም በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ በተለይም ከተጸዳዱ በኋላ፣ ለብ ባለ ውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቀመጥ ጡንቻውን ያላላል። አዲስ ስንጥቅ በአብዛኛው በዚህ ብቻ በጥቂት ሳምንታት ይድናል። ካልዳነ፣ ሐኪም እንደ ዲልቲያዜም ያለ ጡንቻ የሚያላላ ቅባት ያዝዛል፤ ይህም ካልበቃ ቀዶ ሕክምና አለ።

ማቃጠል ሌሎች መንስኤዎችም አሉት። ተቅማጥ፣ ሚጥሚጣ የበዛበት ምግብ፣ በሳሙና አብዝቶ መታጠብ ቆዳውን ይለበልባሉ። በተለይ በልጆች ላይ ማሳከኩ በሌሊት የሚብስ ከሆነ፣ ጥቃቅን ነጭ ትሎችን እንጠርጥር፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱን መላው ቤተሰብ ይወስዳል። እብጠትና ትኩሳት ካለ፣ የቋጠረ መግል ሊኖር ስለሚችል ለነገ አይባልም። ደም መፍሰስ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ወይም የአንጀት ልማድ መለወጥ ከታየ፣ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ካንሰር አለመሆኑ በምርመራ መረጋገጥ አለበት። የሚያቃጥል ቅባት ግን ለአንዱም መድኃኒት አይሆንም።

እኚያ ሰው ከረጅም ሕክምና በኋላ ተሽሏቸዋል። ሆኖም በጊዜ ቢነገር ኖሮ ምናልባት ተልባና ለብ ያለ ውሃ ይበቃው የነበረ ቁስል፣ ቀዶ ሕክምና ጠይቋል።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እኔ ግን ጥፋቱን በሕመምተኛው ላይ ብቻ አልጥለውም። «ሰገራዎስ እንዴት ነው?» የሚለውን አንድ ጥያቄ ቀድሜ ባለመጠየቄ፣ እኔም በሩ ድረስ አስኬጃቸዋለሁ። ተማሪዎቼ፣ እናንተ ሕመምተኛው ከወንበሩ ሳይነሣ ጠይቁት።